ነጣ ያለው ላገር ቢራ በፊዚክስ ዓይን

በአዲስ አበባም ሆነ በቶኪዮ፣ በናይሮቢም ሆነ በኒውዮርክ ወደ አንድ ምግብ ቤት ገብቶ ዓይነቱን ሳይለይ «ቢራ» ብሎ ያዘዘ ሰው የሚቀርብለት መጠጥ በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው። መልኩ እንደ ገለባ ነጣ ያለ ወርቃማ፣ ከወዲያ ማዶ የሚያሳይ ጥርት ያለ፣ በላዩ ነጭ አረፋ የደፋ፣ ምሬቱ የማይጎላና በሚገባ የቀዘቀዘ መጠጥ ነው። የሙያው ሰዎች ይህን የቢራ ዓይነት ነጣ ያለ ላገር ይሉታል። በዓለም ላይ ከሚጠመቀው ቢራ ትልቁን ድርሻ የያዘው ይኸው ነው። በአገራችንም የመጀመሪያው የሆነው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በ1915 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተቋቋመበት ጊዜ ወዲህ እየተበራከቱ የመጡት ፋብሪካዎች ከሚያመርቱት ቢራ አብዛኛው የዚሁ ወገን ነው።

ስለዚህ መጠጥ ሁለት አባባሎች በሰፊው ይደመጣሉ። አንደኛው «ቀላል ቢራ ስለሆነ ለመሥራትም ቀላል ነው» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ቀላል ስለሆነ አያሰክርም» የሚል ነው። «ቀላል» የሚለው ቃላችን ለጣዕሙም፣ ለሥራውም፣ ለጉዳቱም ያገለግላልና ሦስቱ ነገሮች በቀላሉ ይምታታሉ። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱም አባባሎች ስሕተት መሆናቸውን በክፍል ውስጥ በምንማራቸው የፊዚክስ ሕጎች እየታገዝን ለማስረዳት እንሞክራለን። ዓላማችን መጠጡን ማወደስ ወይም አንባቢን ወደ መጠጥ መጋበዝ እንዳልሆነ ከወዲሁ እንገልጻለን። ከዚህ በታች ዓ.ም. ካልተባለ በቀር የተጠቀሱት ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቢራው መለያ ባሕርያት

ማንኛውም ቢራ በመሠረቱ ከውኃ፣ ከብቅል፣ ሆፕስ ከተባለው ተክል አበባና ከእርሾ ይሠራል። ገብስ ተነክሮ ከበቀለ በኋላ ሲደርቅ ብቅል ይሆናል። ብቅሉ ተፈጭቶ በሙቅ ውኃ ሲዘፈዘፍ በውስጡ ያሉት ኢንዛይሞች ስታርቹን ወደ ስኳር ይለውጡታል። ከዚያም ጭማቂው ተጣርቶ ከሆፕስ ጋር ይፈላል፤ ቀዝቅዞም እርሾ ይጨመርበታል። እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጠዋል። ጠላ የሚጠምቁ እናቶቻችን የዚህን ሂደት መሠረታዊ ሐሳብ ጠንቅቀው ያውቁታል፤ የሆፕስን ሥራ በጠላ ውስጥ የሚሠራው ጌሾ ነው።

ነጣ ያለውን ላገር ከሌሎቹ የሚለየው የልኬቶቹ መጠን ነው። የአልኮል መጠኑ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 5.5 በመቶ ነው። የምሬት መጠኑ በዓለም አቀፉ የምሬት መለኪያ ከ8 እስከ 25 ባለው ክልል ይወሰናል፤ አንድ መለኪያ በግምት በአንድ ሊትር ውስጥ የሚገኝ 1 ሚሊ ግራም መራራ የሆፕስ አሲድ ማለት ነው። ምሬታቸው የጎላ የቢራ ዓይነቶች ከ40 እስከ 70 ይደርሳሉ። በአንድ ሊትር ውስጥ የሟሟው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ወደ 5 ግራም ገደማ ነው።

ወርቃማው መልክ ከየት መጣ?

ቀደም ባሉት ዘመናት ብቅል የሚደርቀው በእንጨት ወይም በከሰል እሳት ላይ በመሆኑ ይጠቁርና ጭስ ጭስ ይል ነበር። እሳቱ ብቅሉን ሳይነካው በሞቀ አየር ብቻ ማድረቅ ሲቻል ግን ነጣ ያለ ብቅል ተገኘ። በቦሄሚያ፣ በዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ፣ በምትገኘው በፕልዘን ከተማ በ1838 የተበላሸ 36 በርሜል ቢራ በአደባባይ እንዲደፋ መደረጉ ይነገራል። የከተማው ነዋሪዎች አዲስ መጥመቂያ አቋቁመው ዮሴፍ ግሮል የተባለ የባቫሪያ ጠማቂ ቀጠሩ። ግሮል በጥቅምት 1842 ነጣ ያለውን ብቅል፣ የአካባቢውን ማዕድን ያልበዛበት ውኃና የአካባቢውን ሆፕስ አዋሕዶ የጠመቀው ወርቃማ ላገር ዛሬ በመላው ዓለም ለምናየው ነጣ ያለ ላገር መነሻ ሆነ።

ብቅል ሲሞቅ በውስጡ ያሉት ስኳሮችና አሚኖ አሲዶች ተዋሕደው ቡናማ ውሁዶችን ይፈጥራሉ። የዳቦን ቅርፊት የሚያጠቁረው፣ ቡና ሲቆላ መልኩን የሚለውጠው አጸግብሮት በዋናነት ይኸው ነው። ነጣ ያለ ብቅል በመጨረሻው የማድረቂያ ደረጃ ከ80 እስከ 85 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ ስለሚቆም ቡናማው ውሁድ እምብዛም አይፈጠርበትም።

የቢራ መልክ በዓይን ግምት ሳይሆን በብርሃን ይለካል። 430 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ሰማያዊ ብርሃን 1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው የቢራ ናሙና ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል። የተገኘው አብሶርባንስ በ25 ሲባዛ የአውሮፓ ጠማቂዎች የመልክ ቁጥር ይገኛል። ነጣ ያለ ላገር ከ4 እስከ 12 ያለውን ቁጥር ይይዛል። ቁጥሩ 6 የሆነ ቢራ ብንወስድ አብሶርባንሱ 0.24 ይሆናል። በቤርና በላምበርት ሕግ መሠረት ከመቶ እጅ ሰማያዊ ብርሃን 57 ያህሉ አንዱን ሴንቲ ሜትር አልፎ ይወጣል ማለት ነው። ስፋቱ 6 ሴንቲ ሜትር በሆነ ብርጭቆ ውስጥ ግን አብሶርባንሱ 1.44 ስለሚሆን ከመቶው የሚያልፈው 4 እንኳ አይሞላም። ቢጫውና ቀዩ ብርሃን ግን ብዙም ሳይሳብ ያልፋል። ወርቃማ ሆኖ የሚታየንም ሰማያዊው ስለተቀነሰበት ነው። የመልክ ቁጥሩ 80 የሆነ ጥቁር ቢራ ቢሆን ኖሮ ከሰማያዊው ብርሃን ከሺህ አንዱ እንኳ አንዲቱን ሴንቲ ሜትር አያልፍም ነበር። (ከሕጉ ባለቤቶች የአንዱ፣ የጀርመናዊው አውጉስት ቤር ስም ከመጠጡ የእንግሊዝኛ መጠሪያ ጋር በፊደል አንድ መሆኑ አጋጣሚ ብቻ ነው።)

ልዝብነት የቅዝቃዜ ውጤት ነው

«ላገር» የሚለው ቃል የመጣው «ማከማቸት» የሚል ትርጉም ካለው የጀርመንኛ ቃል ነው። የባቫሪያ ጠማቂዎች ቢራቸውን በክረምት ጠምቀው በቀዝቃዛ ዋሻና ምድር ቤት ለወራት ያቆዩት ነበር። ቅዝቃዜውን የተቋቋመው እርሾ ከጊዜ በኋላ ራሱን የቻለ ዝርያ ሆኖ ተገኘ። ሳካሮማይሲስ ፓስቶሪያኑስ የሚባለው ይህ እርሾ የሁለት ዝርያዎች ዲቃላ ነው። አንዱ ወላጅ የታወቀው የዳቦና የቢራ እርሾ ሲሆን ሁለተኛው ወላጅ ከአርጀንቲና የፓታጎኒያ ደኖች መገኘቱ በ2011 ለዓለም ተገልጿል።

ሌሎች የቢራ ዓይነቶች ብዙውን ጊዜ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲብላሉ ላገር ከ8 እስከ 13 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይብላላል። ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲቀንስ የበርካታ ኬሚካላዊና ሕይወታዊ ሂደቶች ፍጥነት በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ እንደሚቀንስ እናውቃለን። በዚህም ምክንያት እርሾው ዝግ ብሎ ይሠራል፤ የሙዝና የሌሎች ፍራፍሬዎችን መዓዛ የሚያስታውሱትን ኤስተር የተባሉ ውሁዶችም በመጠኑ ብቻ ያመነጫል። ጣዕሙ ለዘብ ያለው እንግዲህ ቅዝቃዜ አላስፈላጊውን መዓዛ ገና ከመፈጠሩ ስለገታው ነው።

በረዶ ወደማይገኝበት አገር ይህን ቢራ ማስፋፋት የተቻለው በማሽን ነው። በሙኒክ የምሕንድስና መምህር የነበረው ካርል ፎን ሊንደ በ1870ዎቹ የሠራቸውን የማቀዝቀዣ ማሽኖች ከመጀመሪያዎቹ ደጋፊዎችና ተጠቃሚዎች መካከል የቢራ ጠማቂዎች ይገኙበታል። በ1883 ደግሞ በኮፐንሃገን የካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ተመራማሪ የነበረው ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን ከአንዲት ሕዋስ የተራባ ንጹሕ የላገር እርሾ አገኘ። ዛሬ በኬሚስትሪ ክፍል የምንጠቀምበትን የፒኤች መለኪያ በ1909 ያስተዋወቀው ሶረን ሶረንሰንም በዚያው ቤተ ሙከራ ይሠራ ነበር።

በሰሜን አሜሪካ ልዝብነቱ አንድ እርምጃ ተጨመረበት። በዚያ አገር የሚበቅለው ባለ ስድስት ረድፍ ገብስ ፕሮቲን ስለሚበዛው ቢራውን ያደፈርስ ነበር። ጠማቂዎቹ ከብቅሉ ከፊሉን በበቆሎ ወይም በሩዝ ተኩ፤ የፕሮቲኑ መጠን ቀነሰ፣ ቢራውም ጠራ፣ ጣዕሙም ይበልጥ ለዘበ። በ1876 ለገበያ የቀረበው ባድዋይዘር በሩዝ ተጠቃሚነቱ ይታወቃል። በ1967 ደግሞ ጆሴፍ ኦዌድስ የተባለ የባዮኬሚስትሪ ሊቅ እርሾ የማይበላውን ቅሪት ስታርች የሚፈጭ ኢንዛይም በመጨመር ካሎሪው ያነሰ ቢራ ሠራ። ሚለር ላይት በ1975 በመላው አሜሪካ ከተሠራጨ በኋላም ይህ ዓይነቱ ቢራ ገበያውን አጥለቀለቀው።

ጥራትና የስቶክስ ሕግ

ቢራው ተብላልቶ ሲያበቃ በእርሾ ሕዋሳት የደፈረሰ ነው። አንዲት የእርሾ ሕዋስ ሬዲየሷ 3 ማይክሮ ሜትር ቢሆንና እፍግታዋ ከቢራው በ80 ኪሎ ግራም በሜትር ኩብ ቢበልጥ በምን ፍጥነት ትዘቅጣለች? የቀዘቀዘውን ቢራ ዝልግልግነት 0.0018 ፓስካል ሰከንድ ብለን በስቶክስ ሕግ ስናሰላ በሰከንድ 0.9 ማይክሮ ሜትር ገደማ፣ በቀን ደግሞ 7.5 ሴንቲ ሜትር ያህል እናገኛለን። ሦስት ሜትር ጥልቀት ባለው ጋን ውስጥ ከላይ እስከ ታች ለመድረስ 40 ቀናት ይፈጅባታል። የድሮዎቹ ጠማቂዎች ቢራቸውን ለወራት ያቆዩበት አንዱ ምክንያት ከዚህ ስሌት ይገለጻል።

እዚህ ላይ አስተዋይ ተማሪ አንድ ጥያቄ ያነሣ ይሆናል። ፈሳሽ ሲቀዘቅዝ ዝልግልግነቱ ስለሚጨምር ሕዋሳቱ የሚዘቅጡት ዝግ ብለው ነው፤ ታዲያ ማቀዝቀዙ ለምን ይጠቅማል? መልሱ በሬዲየሱ ላይ ነው። በስቶክስ ሕግ ፍጥነት ከሬዲየስ ስኩዌር ጋር ያድጋል። መብላላቱ አብቅቶ ቢራው ሲቀዘቅዝ የላገር እርሾ ሕዋሳት እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ይከማቻሉ። ሬዲየሱ በዐሥር እጥፍ ያደገ ክምችት በመቶ እጥፍ ፈጥኖ ይዘቅጣል። ከዚህም ሌላ ቅዝቃዜ ፕሮቲኖችና ፖሊፌኖሎች ተያይዘው እንዲታዩ ያደርጋል፤ በጋኑ ውስጥ ያልተወገዱት በማቀዝቀዣ ውስጥ ጠርሙሱን ያደፈርሱታልና ቀድመው መውጣት አለባቸው። ዛሬ ፋብሪካዎች ይህን ሥራ በማጣሪያ ያፋጥኑታል።

ቅዝቃዜ፣ ጋዝና የአዲስ አበባ ከፍታ

ካርቦን ዳይኦክሳይድ በቀዝቃዛ ፈሳሽ ውስጥ ይበልጥ ይሟሟል። ለውኃ በሚሠራው ስሌት በሊትር 5 ግራም ጋዝ ሟሙቶ እንዲቆይ በ5 ዲግሪ ሴልሺየስ 1.8 አትሞስፌር ገደማ፣ በ20 ዲግሪ ደግሞ ወደ 3 አትሞስፌር የሚደርስ ግፊት ያስፈልጋል። የሞቀ ጠርሙስ ሲከፈት ገንፍሎ የሚፈሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ቀዝቃዛ ጠርሙስ ሲከፈት በአንገቱ ላይ ለቅጽበት የምትታየው ነጭ ጉም ደግሞ ጭስ አይደለችም። የታመቀው ጋዝ ከአካባቢው ሙቀት ለመቀበል ጊዜ ሳያገኝ በድንገት ሲለጠጥ ይቀዘቅዛል። ሥራ የሠራው ከራሱ ውስጣዊ ኃይል ቀንሶ ነውና ሙቀቱ በስሌት ከዜሮ በታች እስከ 30 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። አብሮት ያለው የውኃ ተንም ወደ ጥቃቅን ጠብታዎች ይለወጣል። የቴርሞዳይናሚክስን የመጀመሪያ ሕግ በዓይን ማየት ማለት ይህ ነው።

በዚህ ረገድ ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። በ330 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ ያለው 1.65 ግራም ጋዝ ሙሉ በሙሉ ቢወጣ በባሕር ወለል ላይ በ20 ዲግሪ 0.9 ሊትር ገደማ ይይዛል። የከባቢ አየር ግፊቱ ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል በሆነባት አዲስ አበባ ግን ይኸው ጋዝ 1.2 ሊትር ገደማ ይሆናል። እንደዚሁም ውኃ በአዲስ አበባ በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ የሆፕስ አሲድ ወደ መራራነት የሚለወጥበት ሂደት ክዳኑ ባልታሸገ ጋን ውስጥ ዝግ ይላል። ጠማቂውም በማፍያ ጊዜው ወይም በሆፕሱ መጠን ማካካስ ይኖርበታል።

ነጭ ልብስ እድፍ አይሸሽግም

ከላይ ያየነውን ስናጠቃልል የመጀመሪያው አባባል ስሕተትነት ይገለጽልናል። በጥቁር ቢራ ውስጥ የተቆላው ብቅል፣ በመራራው ቢራ ውስጥ የበዛው ሆፕስ ትንሽ ጉድለትን ሊሸፍን ይችላል። ነጣ ባለው ላገር ውስጥ ግን መሸሸጊያ የለም፤ በነጭ ነጠላ ላይ ያረፈች ጠብታ ከሩቅ እንደምትታይ ሁሉ ጥቂቷ ጉድለት ትጋለጣለች።

ሁለት ምሳሌ እንጥቀስ። እርሾ በሥራው መካከል ዳይአሲታይል የተባለ ቅቤ ቅቤ የሚል ውሁድ እንዲፈጠር ያደርጋል፤ በሊትር 0.1 ሚሊ ግራም ገደማ ሲደርስ በነጣ ላገር ውስጥ ይታወቃል። እርሾው ራሱ መልሶ እንዲወስደው ጠማቂው ወደ መጨረሻው ሙቀቱን በጥቂት ዲግሪዎች ከፍ አድርጎ ይጠብቃል። ሁለተኛው ምሳሌ ብርሃን ነው። ቀደም ብለን ያነሣነው ሰማያዊ ብርሃን በቢራው ውስጥ ባለው ቫይታሚን ቢ2 ሲሳብ መራራው የሆፕስ አሲድ እንዲሰበርና ድኝ ያለበት ውሁድ እንዲፈጠር ያደርጋል። ሽታው ስከንክ የተባለው የሰሜን አሜሪካ እንስሳ ራሱን ለመከላከል ከሚረጨው ጋር የሚመሳሰል ሲሆን በሊትር ጥቂት ናኖ ግራም ብቻ ሲኖር በአፍንጫ ይለያል። ቡናማ ጠርሙስ ሰማያዊውን ብርሃን ስለሚስብ ይከላከለዋል፤ አረንጓዴውና ነጩ ጠርሙስ ግን ይህን በሚገባ አይሠሩም።

ልዝብነት የሚሸፍነው አንድ ነገር

ጉድለትን የማይሸፍነው ይህ ቢራ ግን አንድ ነገር ይሸፍናል፤ እርሱም አልኮሉን ነው። ቅዝቃዜ ወደ አፍንጫ የሚተኑትን ሞለኪውሎች ይቀንሳል፤ የምላስንም የጣዕም ስሜት ያደበዝዛል። ምሬቱ ትንሽ፣ መልኩ የነጣ በመሆኑም ጠጪው ቀላል ነገር የጠጣ ይመስለዋል።

መልክ የሚመጣው ከብቅሉ አደራረቅ ሲሆን አልኮል የሚመጣው ከተብላላው ስኳር ነው፤ ሁለቱ አይገናኙም። እንደ ቡና የጠቆረው የአየርላንዱ ጊነስ ድራፍት 4.2 በመቶ ገደማ አልኮል ሲይዝ ብዙዎቹ ነጣ ያሉ ላገሮች 5 በመቶ ይይዛሉ። «ላይት» ከሚባሉት የአሜሪካ ቢራዎች ብዙዎቹም 4.2 በመቶ ናቸው፤ ከመደበኛው ጋር ያላቸው የአልኮል ልዩነት አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም።

አንባቢ ራሱ እንዲያሰላ እንጋብዛለን። የ330 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 5 በመቶ 16.5 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል ነው። የአልኮል እፍግታ 0.79 ግራም በሚሊ ሊትር ስለሆነ 13 ግራም ይመጣል። ሦስት ጠርሙስ 39 ግራም ነው። አልኮል በሰውነታችን ውኃ ውስጥ ስለሚሠራጭ ክብደታችንን ለወንድ በ0.68፣ ለሴት በ0.55 ገደማ እናባዛለን። 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ወንድ ሦስቱን በአጭር ጊዜ ቢጠጣ በአንድ ኪሎ ግራም ወደ 0.8 ግራም፣ 55 ኪሎ ግራም የምትመዝን ሴት ደግሞ ወደ 1.3 ግራም ይደርሳል። ይህ መሪ ለመያዝ ቀርቶ መንገድ ለመሻገርም የሚያሰጋ መጠን ነው። ጉበት በሰዓት የሚያስወግደው ከ7 እስከ 10 ግራም ያህል በመሆኑ የሦስቱ ጠርሙስ አልኮል ተወግዶ እስኪያልቅ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ተኩል ይወስዳል። ቡና መጠጣትም ሆነ ፊትን በቀዝቃዛ ውኃ መታጠብ ይህን ፍጥነት አይለውጠውም።

ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የአልኮል መጠጦችን በ1988 በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትሉ ከተረጋገጡት ነገሮች ጎራ መድቧቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም በጥር 2023 ለጤና ጉዳት የለውም የሚባል የአልኮል መጠን እንደሌለ አስታውቋል። በአገራችን በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥን ይከለክላል። የዚህ መጽሔት አንባቢዎች ከፊሎቹ በዚህ ዕድሜ ውስጥ እንደሚገኙ እናውቃለን።

እንግዲህ «ቀላል» የሚለውን ቃል በሦስት ከፍለን ማየት ይገባናል። የነጣው ላገር ጣዕም በእርግጥ ቀላል ነው። ሥራው ግን የሙቀትን፣ የብርሃንን፣ የግፊትንና የዝቅጠትን ሕጎች በጥንቃቄ መቆጣጠርን ስለሚጠይቅ ቀላል አይደለም። ጉዳቱን ደግሞ መልኩም ሆነ ጣዕሙ አይነግረንም፤ የሚነግረን በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው መቶኛ በይዘቱና በ0.79 ሲባዛ የሚገኘው ቁጥር ነው።